መቅደላ ለመውጣት ካሰባችሁ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እንደ ጎንደር ያለ ግንብ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትወጡ። ይዤው የወጣሁት ጓደኛዬ ላቡን እየጠረገ «ታዲያ ምሽጉ የታለ?» አለኝ። ወንድሜ፣ የቆምክበት ነው! መቅደላ ላይ ምሽጉ ራሱ አምባው ነው፤ ከላይ የነበረውን ቤት ደግሞ እንግሊዞች በ1860 ዘርፈው ሲወጡ አቃጥለውታል።

መነሻችሁ ደሴ ነው። በኩታበር አድርጋችሁ ተንታ፣ አጅባር ትገባላችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ መናኸሪያ ላይ ጠይቁ። ክረምት ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ጭቃው አያላውስም። አጅባር እደሩና ጎህ ሲቀድ ተነሱ። አገሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ያዙ፣ ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ውሃ። ውሃውን አብዙት።

ስትወጡ ሦስቱን ከፍታዎች፣ ፋላን፣ ስላሴንና መቅደላን ለይታችሁ እወቁ፤ ሦስቱን ካልለያችሁ ታሪኩ ይምታታባችኋል። ከፋላ በታች ያለውን እሮጌ የሚባለውን ሜዳ አስጠቁሙ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ እንግሊዞችን ሊገጥም ጦሩን ይዞ ቁልቁል የወረደው ወደዚያ ነው። እሱም ብዙ ሰውም እዚያው ቀረ።

ሴባስቶፖልን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለቴዎድሮስ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ እስከ ዛሬ እዚያው ተጋድሟል። ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት፣ ከዚያ ገደሉ አፍ ላይ ቁሙና የበሽሎን ሸለቆ ተመልከቱ። ይህን ብረት ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ በዚያ ሸለቆ አውርደው መልሰው ሽቅብ የጎተቱት ሰዎች ናቸው። 6 ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። እኔ እንኳን ከመድፉ፣ ከራሴ ቦርሳ ጋር ስታገል ነው የወጣሁት።

የአምባውን መግቢያ፣ የቆቂት በርን፣ ለመጨረሻ አስቀሩት። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች ሲገቡ፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን የገደለው በዚያ አካባቢ ነው። ቁጭ በሉ፣ አትሩጡ። ሽማግሌ ካገኛችሁ «እንደምን ዋሉ አባባ» ብላችሁ ጠጋ በሉ፤ ወሎ ውስጥ ሰላምታ በአጭሩ አያልቅም፣ ጨዋታውም የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው። ብቻ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውረዱ፤ ቁልቁለቱ በጨለማ ጉልበት ይሰብራል።