የሥጋ ጫጩቶች እኩል ካላደጉ፦ የአንጀት ቫይረስና መቀንጨር፣ ከምልክት እስከ መፍትሄ

ጫጩቶቹ ከገቡ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ መንጋው ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው በደንብ ያድጋል፤ የቀረው የ4 ቀን ጫጩት መስሎ ይቆማል። የቀነጨሩት የክንፍ ላባቸው ሰውነታቸው ላይ አይተኛም፣ ወደ ጎን ይገተራል። በጭንቅላታቸው ላይ ቢጫው የጫጩት ላባ ሳይረግፍ ይቆያል፤ ቅልጥማቸው ይገረጣል። ኩሳቸው ውሃማ ነው፤ አንዳንዴ ብርቱካናማ ንፍጥና ያልተፈጨ የበቆሎ ስባሪ ይታይበታል። መኖ እያለ ጉዝጓዝ ይለቅማሉ። ሞቱ ብዙ ስላልሆነ ባለቤቱ "ነገ ይሻላቸዋል" እያለ ይጠብቃል፤ ኪሳራው ግን የሚታየው በሞት ሳይሆን በመኖ ነው።

በዓይን ግምት አትተማመኑ። በ7ኛው ቀን ከቤቱ መግቢያ፣ መሃልና ጥግ ቢያንስ 100 ጫጩት አንድ በአንድ መዝኑ። በ42 ግራም የገባ ጫጩት ከ4 እጥፍ፣ ማለትም ከ168 ግራም በታች ከሆነ ችግር አለ። አማካዩ ጥሩ ሆኖም ከአማካዩ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ባለው ክልል ውስጥ ከመንጋው 70 በመቶ ያህሉ ካልገባ፣ መንጋው አንድ ወጥ አይደለም።

ቫይረስ ነው ከማለታችሁ በፊት

ብርድ፦ የጫጩቷን እግር ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። ከቀዘቀዘ የማሞቂያው ጉዳይ ነው። ጫጩት ሲገባ የጉዝጓዙ ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት።

ኮክሲዲዮሲስ (በአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ)፦ ጥገኛው በአንጀት ውስጥ ለመራባት ቀናት ስለሚፈልግ ከ10 ቀን በታች ብዙም አይጠበቅም። በተለይ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሲመጣ ጠርጥሩት።

መኖ፦ ሻጋታ የነካው በቆሎ ወይም ፋጉሎ በአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) እድገትን ይገታል። ጉበቱ ቢጫ ሆኖ በቀላሉ ከተፈረካከሰ መኖውን መርምሩ። ያንኑ መኖ የሚበላ ሌላ ቤት ጤነኛ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ይቀንሳል።

እነዚህ ካልሆኑ በሕይወት ካሉት የቀነጨሩ ጫጩቶች አምስቱን በእንስሳት ሐኪም አስከፍቱ። አንጀቱ የገረጣ፣ ግድግዳው የሳሳ፣ ውስጡ በውሃና በጋዝ የተነፋ ከሆነ የአንጀት ቫይረስ ሥራ ይመስላል። ከአንጀቱ የመጀመሪያ እጥፋት መሃል ያለው ቀጭን እጢ፣ ቆሽት (ፓንክሪያስ)፣ አንዳንዴ ነጭና ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ለማረጋገጥ ከአንጀቱ ቁራጭ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ሰበታ የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አስትሮ፣ ሬኦና ሮታ ቫይረስ በጤነኛ መንጋም ስለሚገኙ የፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ከአንጀቱ ጉዳት ጋር ሲገጥም ነው ትርጉም የሚሰጠው።

ለምን ይቀነጭራሉ?

ቫይረሱ ምግብ የሚመጠጥበትን የአንጀት ሽፋን ያበላሻል። ጫጩቷ ብትበላም ምግቡ አይዋሃዳትም፤ በተለይ ስብና በስብ የሚሟሙት ቫይታሚኖች ያልፏታል፤ ስለዚህ አጥንቷም ይለሰልሳል። ከባድ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲይዛት ነው። ከታመመ ቤት የመጣ ጉዝጓዝ ላይ ጤነኛ የአንድ ቀን ጫጩት ማስቀመጥ ብቻ በሽታውን እንደሚያመጣ በሙከራ ታይቷል። ከእናት መንጋ በእንቁላል የሚተላለፍም አለ። ስለዚህ አዲስ በጸዳ ቤት ከአንድ ማስፈልፈያ የመጡት ብቻ ከቀነጨሩ ማስፈልፈያውን ጠይቁ።

አሁን በቤቱ ያለውን መንጋ

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) መጨመር ሐኪሙ ተደራቢ የባክቴሪያ በሽታ ካላገኘ ገንዘብ ማባከን ነው። ቤቱን 1 ወይም 2 ዲግሪ አሙቁ፤ ኤሌክትሮላይትና ቫይታሚን ኤ፣ ዲ3 እና ኢ በውሃ ስጡ። በመጠጫው ሥር የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ ቀይሩ፤ የደወል መጠጫውን ከንፈር በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ስቀሉ። እስከ 14ኛው ቀን ያልተነሳችውን አስወግዱ፤ አብራ ከቆየች መኖ ትፈጃለች፣ ቫይረሱንም ትረጫለች። በዚያው ቤት ጥግ "የደካሞች ክፍል" ማበጀት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሠራተኛው ሁልጊዜ በዕድሜ ከትንሹ መንጋ ጀምሮ ወደ ትልቁ ይሂድ።

ቀጣዩ መንጋ ከመግባቱ በፊት

ዋናው መፍትሄ እዚህ ነው። ቫይረሶቹ የስብ ሽፋን የሌላቸው ስለሆኑ ብዙ ቀላል ፀረ ተሕዋስያንን ይቋቋማሉ። ጉዝጓዙን በሙሉ ከግቢው አውጡ። ወለሉን በሳሙና ውሃ አርሱ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ይድረቅ። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ እርጩ፤ ለ30 ደቂቃ ወለሉ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ኩስ ባለበት ወለል ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከፎርማሊን ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የአፈር ወለል ከሆነ በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ያህል ኖራ በትኑ፤ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። ቤቱ ቢያንስ 14 ቀን ባዶ ይቆይ። ከዚያ ደረቅ አዲስ የእንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አንጥፉ፤ ኖራው የጫጩት እግርና ዓይን ስለሚያቃጥል ከሥሩ ብቅ እንዳይል ተጠንቀቁ። ጫጩቱ ከመምጣቱ ከ24 ሰዓት በፊት ማሞቂያውን ክፈቱ።