አሮጌ ላንድክሩዘር ሲፋጭ ካምቢዮውን ለመፍታት አትቸኩሉ

አርባ ምንጭ ወደሚገኘው ጋራዤ የሚመጡት አብዛኞቹ መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት የጀመሩት የ70 ሞዴል ላንድክሩዘሮች ናቸው። ከደቡብ ኦሞዎቹ ከቱርሚና ከኦሞራቴ አሸዋና ውሃ ጠግበው ይመለሳሉ። ባለቤቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ካምቢዮው አልቋል» ይለኛል። እኔ ግን የመፋጨቱ ድምፅ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ ሳላውቅ ካምቢዮ አላወርድም። ከባድ ሥራ ነው፣ ገንዘብ ይበላል፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጎማው አካባቢ ነው።

መኪናው እንደቆመ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ማርሽ ሳታስገቡ አዳምጡ። ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ፣ የካምቢዮውን የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ (ዘንጉ በውስጡ የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ጠርጥሩ። ስትረግጡ ብቻ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲቆም ጸጥ ብሎ፣ ሲሄድ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ወደ ጎማዎቹ እንሂድ።

ከሁሉም የምወደው ፈተና ምንም መፍቻ አይጠይቅም። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። ሁለቱንም «ፍሪ» (ልቅ) ላይ አድርጉ፤ ትንሹን የማርሽ ዘንግ «ኤች 2» (ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚያዞርበት) ላይ ትታችሁ ንዱ። ያኔ የፊት ዲፈረንሻሉም (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ሆነ ወደ እርሱ የሚሄደው ረጅም ዘንግ አይዞርም፤ ከፊት በኩል የሚዞሩት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ቀጥሎ መቆለፊያዎቹን «ሎክ» (የተቆለፈ) ላይ አድርጋችሁ፣ «ኤች 2»ን ሳትነኩ፣ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ድገሙት። አሁን ብቻ ከተፋጨ ጥፋቱ የፊት ዲፈረንሻሉ፣ የዘንጎቹ ወይም የክሮቼራዎቹ (የዘንግ መገጣጠሚያዎቹ) ነው። በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የፊት ጎማ ኩሽኔታዎችን ወይም የኋላውን ክፍል መርምሩ። መቆለፊያው በግማሽ ከቀረ ጥርሶቹ እየተነካኩ ራሱ ስለሚንጫጫ፣ እስከ መጨረሻው መዞሩን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ኩሽኔታ ከጠረጠራችሁ መታጠፊያ ላይ አዳምጡ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ድምፁ ከጨመረ ቀኙን አንሡ። ክሪኩን ብቻ አትመኑ፤ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፤ ያኔ መነቃነቁ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልቆመ መሪው የሚዞርበትን መገጣጠሚያ እዩ። ይህችን ፍሬን የመርገጥ ነገር የሚዘሉ ሰዎች ደህና ኩሽኔታ ለውጠው ያው መነቃነቅ ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ ብረት ከብረት ከተፋጨ የፍሬን ሸራው አልቋልና መንዳት አቁሙ። ጠጠር መንገድ ላይ በድንገት የጀመረ ቀጭን ፉጨት መሰል ድምፅ ግን ከዲስኩና ከኋላው ካለው ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ልትሆን ትችላለች፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሂዱ፣ አንዳንዴ ትወድቃለች። አስፋልት ላይ በ«ኤች 4» (ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች በሚያዞርበት) ሲነዳ መሪው ከብዶ የሚያቃስተው ደግሞ የተበላሸ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ወደ «ኤች 2» መልሱት። ከ«ኤች 4» አልወጣ ካለ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ።

ወንዝ የተሻገረ መኪና ላይ የዲፈረንሻሉን ዘይት ሳላይ አላልፍም። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የአየር መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ዘይቱን በሚይዙት ላስቲኮች በኩል ውሃ ይስባል። መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ቡሽ ፍቱ፤ እርሱ እምቢ ካለ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሽ አትንኩ፣ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በማፍሰሻው ቡሽ ማግኔት ላይ የተለጠፈ እንደ ሊጥ የላመ ብናኝ አያስፈራም፤ የብረት ስባሪ ከሆነ ግን ዲፈረንሻሉ ይፈታ። ዘይቱን ስትቀይሩ መተንፈሻውንም አጽዱ፤ አለዚያ ቀጣዩ ወንዝ አዲሱንም ዘይት ያበላሸዋል።