አጭር ውጅግራ ሁሉ የፈረሰኛ አይደለም

ሻጭ አጭር ጠመንጃ ይዞ «የፈረሰኛ ውጅግራ ነው» ሲላችሁ፣ ጥይት አለመጉረሱን ካረጋገጣችሁ በኋላ የማቀባበያውን እጀታ እዩ። አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ (1874 እ.ኤ.አ.) ለእግረኛ ሲሠራ እጀታው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። የፈረሰኛው ግን በፈረስ ላይ እንዳያስቸግር ወደ ታች ታጥፏል፤ የሳንጃ መሰኪያም የለውም። ታጥፎ መሰኪያ ካለው የፈረሰኛ አይደለም፤ የመድፈኛ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ እጀታ ያለው አጭር ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ እኔ ብሆን ዋጋውን ሳልሰማ እመልሰዋለሁ። የአፈሙዙን ዙሪያ በጣት ዳስሱ፤ ሞረድ የበላው ቦታ ከዓይን ቢያመልጥም ከጣት አያመልጥም። ከገዛችሁት ደግሞ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ከዝገቱ ጋር የፋብሪካው ጽሑፍ ይሄዳል። የጦር መሣሪያ ያዥነት ፈቃዱን ግን ከመግዛታችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ።