ቆርቆሮ ስትገዙ ወለሉን አትለኩ

እናቴ ወሎ፣ ኩታበር ያለውን ቤቷን ስታስከድን ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስህተቶች ከሰው አልሰማኋቸውም፣ በገንዘቤ ነው የተማርኳቸው።

ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው፣ 48 ካሬ። አንድ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲሜትር፣ 1.8 ካሬ። ሳካፍለው 27 መጣልኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ሦስት ጨምሬ 30 ቆርቆሮ ከደሴ አስጫንኩ። ለደቦ የመጣው ጎረቤት አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን እንደጀመረ ቆርቆሮው አለቀ። አናጺው ከላይ ሆኖ «አንተ ልጅ፣ ወለል ነው ጣሪያ የለካኸው?» አለኝ።

ወለል ነበር የለካሁት። የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት፤ በየአቅጣጫው 50 ሳንቲሜትር ካስወጣችሁት 8 በ6 የነበረው 9 በ7 ሆነ። ደግሞ ክዳን ተዳፋት ነው። ከዳር እስከ መሃል አግድሙ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ አናቱም ከዳሩ 1.2 ሜትር ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ትምህርት ቤት «ይሄ ምን ይሠራልናል» ያልነው ፓይታጎረስ እዚህ ጋ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ሒሳብ ከሰለቻችሁ እንጨቱ ከቆመ በኋላ ገመድ ዘርግታችሁ ለኩት።

ሁለተኛው፣ መደራረቡን መርሳት። 90 ሳንቲሜትር የሆነ ቆርቆሮ ጎኑ በጎረቤቱ ላይ ሲጫን የሚሸፍነው 80 ያህል ነው። ላይና ታች ሲገናኙ ደግሞ 20 ሳንቲሜትር ይደራረባሉ። ስለዚህ በካሬ አታካፍሉ፣ በረድፍ ቁጠሩ። 9 ሜትር ለ80 ሳንቲሜትር 11 ከምናምን ነው፣ 12 በሉት። ወደ ታች ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ 3.8 ሜትር ይሸፍናል፤ ለ3.7 ይበቃል፣ የቀረችው 10 ሳንቲሜትር ወደ አሸንዳው ወጣ ትላለች። 12 በ2፣ ለሁለት ጎን 48 ቆርቆሮ። እኔ የያዝኩት 30!

ይህ ባለ ሁለት ተዳፋት ክዳን ነው። አራት ተዳፋት ካለው ማዕዘኑ ላይ እየተቆረጠ የሚጣለው ይበዛል፤ አናጺውን ሳትጠይቁ አትግዙ።

የጎደለውን ልገዛ ደሴ ስመለስ ሦስተኛውን ስህተት ሠራሁ። ከሌላ ሱቅ፣ «ያው ቆርቆሮ ነው» ብዬ። ሞገዱ ከፊተኛው ጋር አልገጠመም፣ ውፍረቱም ሌላ ነበር። ለካ የጌጁ፣ የውፍረት መለኪያው፣ ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ከ28 ይቀጥናል። እኔ ትልቅ ቁጥር ትልቅ ነገር መስሎኝ! የእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ደግሞ ስስ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ቡና መጠጣት አይቻልም፣ ጀበናው ሲንተከተክ እንኳ አይሰማም። አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ግዙ።

ከቆርቆሮው ውጭ ያለውን መርሳትም አለ። የአናቱ መክደኛ ለ9 ሜትር፣ 2 ሜትር የሆነው እየተደራረበ 5 ይፈጃል። አሸንዳ በሁለቱም ዳር ካደረጋችሁ 18 ሜትር ነው። ቆርቆሮው የሚመታበት ማገር በየ90 ሳንቲሜትሩ ቢሄድ በአንድ ጎን 5 መስመር፣ በጠቅላላው 90 ሜትር እንጨት። ሚስማር በየማገሩ መስመር በአንድ ቆርቆሮ ስፋት ሦስት ብትመቱ 360 ገደማ ትፈልጋላችሁ፤ በኪሎ ስለሚሸጥ ኪሎው ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ጠይቁ። የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ቦዩ ላይ ከተመታ ውሃ እዚያው ይገባል።

እርጥብ ባህር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል።

የጊዜውም ነገር አለ። ሰው ሁሉ ሐምሌን ይፈራል፣ ወሎ ግን በልግም አለብን። እኔ መጋቢት ላይ «ክረምት ገና ነው» ብዬ ደሴ ተመልሼ የገዛሁትን ቆርቆሮ መሬት ላይ ደርድሬ አደርኩ። ዝናቡ በመሃሉ ገብቶ አዲሱ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ አዘንብላችሁ፣ ሸራ አልብሱት። የእናቴ ቤት አንዱ ጎን እስከ ዛሬ ዥጉርጉር ነው።