አሮጌ አይሱዙ ጠዋት አልነሳም ሲል፦ ሞተሩን ከማስወረዳችሁ በፊት

ይሄ ለ24 ቮልት የጭነት መኪኖች ነው፤ በተለይ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ውጭ ለሚያድሩ አሮጌ አይሱዙዎች። ናፍታ አለው ወይ፣ ፊውዝ ተቃጥሏል ወይ የሚለውን አልደግምም። እሱን ሹፌሩም ረዳቱም ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። የናፍታ ሞተር ብልጭታ የለውም። ናፍታው የሚቀጣጠለው ፒስቶኑ አየሩን ጨምቆ ሲያግለው ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ አለው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ በቂ ሙቀት አያገኝም። ለዚህ ነው ቃሊቲ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ከእንጦጦ ወዲያ ሲያድር የሚያስቸግረው። «ኮምፕሬሽን የለውም» ተብሎ ሞተሩ ሊወርድ የነበረ ስንት መኪና ባትሪው ብቻ ተስተካክሎ ተነስቷል!

ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ጭስ ማውጫውን እዩ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍታው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ካንዴሌታ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) ያለው ሞተር ከሆነ አንድ በአንድ ፈትሹ፣ ሪሌውንም አትርሱ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታ አልደረሰም። ከታንከሩ እስከ ናፍታ ፖምፓው ባለው መስመር አየር ገብቶ ይሆናል። ችግሩ የጀመረው ፊልትሮ ከተቀየረ ወዲህ ከሆነ መጀመሪያ የፊልትሮውን ጎማ እዩ። አልፎ አልፎ የሞተር ማጥፊያው ናፍታውን እንደዘጋ ይቀራል።

ለማስነሳት ብላችሁ ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠለውን ስፕሬይ) አትርጩ። የጋለ ካንዴሌታ ላይ ኤተር ከደረሰ ፒስቶን ይሰብራል።

ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ወይም ቀጭ ብሎ ዝም ይላል

እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ታሪኩም አንድ ዓይነት ነው። «ባትሪው ሞተ፤ አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ሞተ።» ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ካርቦን ተቀይሮለታል። ዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው) ሁለት ቦታ ተፈቷል። ብሩ አልቋል፣ መኪናው አሁንም የሚነሳው በግፊ ነው።

የባትሪውን ሳጥን ስከፍት ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው አንዲት ቀጭን ሽቦ ነው። ሁለቱን ባትሪዎች ከሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ሥር ተወትፋ፣ በፕላስተር ተጠቅልላ ወደ ጋቢና ትገባለች። ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ የሚሠሩት በእሷ ነው። መኪናው በሁለት ባለ12 ባትሪ ድምር 24 ቮልት፣ ቴፑ ግን 12 ስለሆነ ከአንዱ ባትሪ ላይ ተቀንጭቦ ይሰጠዋል። ለሚገጥማት ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ለባለቤቱ በየጊዜው አዲስ ባትሪ ማለት ናት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ለሌላ ሥራ እየወሰዱ ማታ አብረው እንዲያርሱ ማድረግ አይቻልም። ቴፑ የሚያደክመው ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ) ያለበትን ባትሪ ብቻ ነው። ዲናሞው ግን ይሄን አያውቅም። የሚያየው ድምሩን ነው፤ ለሁለቱም እኩል ይልካል። ያልተነካው ሞልቶ ሳለ ይጨመርበታል፤ ይፈላል፣ ውሃው ይደርቃል። የተነካው መቼም አይሞላም፣ ውስጡ ነጭ ይዞ ይሞታል።

በዚህ ላይ ሰው የሚታለለው በቴስተሩ (በቮልት መለኪያው) ነው። አንድ የጫንጮ አሸዋ ጫኝ መኪና መጥቶ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ድምሩን ለካሁ፤ 28.2 ቮልት። «ዲናሞው ጤነኛ ነው ተብያለሁ» አለኝ ሹፌሩ፤ እውነቱን ነው። ለየብቻ ስለካቸው አንዱ 15.1፣ ሌላው 13.1 አለ። ክዳኑን ስንከፍት የ15.1ዱ ሳህኖች ከውሃ በላይ ወጥተው ይታያሉ። አሸዋ እስኪጫን ድረስ ቀኑን ሙሉ ቴፑ ይከፈታል፣ የጫኞቹም ስልክ እዚያው ይሞላል። አሁንም አሁንም አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱ ግን ሁልጊዜ የሚገባው የሞተው ቦታ ላይ ነው፣ ሽቦዋ ካለችበት።

ስለዚህ ሁልጊዜ ለየብቻ ለኩ። ሌሊቱን ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.0 ከሆነ ባዶ ሊሆን ነው። በሁለቱ መካከል ከ0.2 በላይ ልዩነት ካለ ጥንዱ ተበላሽቷል ብላችሁ ተነሱ።

መፍትሄው፦ ሽቦዋን ቁረጡ። 24ን ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ይግባ። ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ግን በእጃችሁ መዝኑት። ላባ የሚያህለው ላዩ ላይ 30 አምፔር ቢጻፍበትም ቴፑን አይችልም፤ ቀልጦ ያየሁት ብዙ ነው። ባትሪዎቹ ገና ደህና ከሆኑ እያንዳንዱን ለብቻው በቻርጀር ሙሉና አሳድራችሁ ለኩ። ካልሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ አምፔር፣ አንድ ጊዜ የተመረተ። አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ማስገደል ነው። የጎደለውም በባትሪ ውሃ ይሞላ እንጂ በአሲድ ወይም በቧንቧ ውሃ አይሁን።

ሽቦዋ ከሌለች ወደ ተርሚናሎቹ ሂዱ። የላላ ተርሚናል ውስጥ ሚስማር መምታት ይቅር! ሚስማሩ ይዝጋል፣ የባትሪው ጫፍ ይሰነጠቃል። ማሳውንም ፈትሹ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ረዳቱ ቁልፍ ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም የታሰረበት ቦታ ነው። ቀለሙን ፍቃችሁ ብረት በብረት እሰሩት።

በዚሁ ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞ ለመሞከር ባትሪ አትንቀሉ፤ የዲናሞው ዳዮድ ይቃጠላል። ካሶኒው ሲበየድ ባትሪው ይፈታ። ከ12 ቮልት መኪና በጃምፐር ወደ ጠቅላላው 24 አታገናኙ። በሚፈላ ባትሪ አጠገብ ክብሪትም ሲጋራም አይታሰብ፤ የሚወጣው ጋዝ ፈንጂ ነው፣ አሲዱ ዓይን ያጠፋል።

ዲናሞው አይሞላም

ቁልፍ ሲከፈት የባትሪው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉን አስቀድሙ፤ ብዙ ዲናሞ ያለ እሷ አይነቃም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ከጮኸ አጥብቁት፣ ካብለጨለጨ ቀይሩት። ሞተሩ ሲሠራ ድምሩ ከ27.5 እስከ 28.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ29 ካለፈ የተበላሸው ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው) ነው።

አይሱዙ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። በብዙዎቹ ዲናሞው ጀርባ ላይ ለፍሬን የሚያገለግል ቫኪዩም ፖምፓ አለ፤ በሞተር ዘይት ይሠራል። ዘይቱን የሚያግደው ማኅተም ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ገብቶ ካርቦኑን ያበላሻል። ዲናሞው በዘይት ከራሰ ካርቦን ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ማኅተሙም ይቀየር። ዲናሞ ስትቀይሩ ፖምፓ ያለውን አምጡ፤ የዘይቱንና የቫኪዩሙን ቱቦ በቦታቸው አጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ። ፔዳሉ ድንጋይ ከሆነ ያ መኪና የእንጦጦን ቁልቁለት አይውረድ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልቁል እየለቀቁ ማስነሳትም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው፤ ፍሬኑ ይደድራል፣ መሪውም ይከብዳል።