የሙዚቃ መቆጣጠሪያ ቁልፎች ብርሃን ወደ ጎረቤት ሲያፈስ

ለወሎ ቅኝቶች በተሠራ የሚዲ መቆጣጠሪያ (በኮምፒውተር ሙዚቃ ለመጫወት የሚያገለግል ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ላይ አንዱ ቁልፍ ሲበራ አጠገቡ ያለውም አብሮ ይበራል። ባቲ ሰማያዊ፣ አምባሰል ቀይ ቢደረግም ቀለሞቹ ተደባልቀው አይለዩም። የቁልፉ መሃል ዓይን ይወጋል፣ ዳሩ ይጨልማል።

ዕቃዎቹ፦ አርዱዪኖ ፕሮ ማይክሮ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ)፣ 15 ደብልዩኤስ2812ቢ ኤልኢዲ (ቀለማቸው በኮድ የሚቀየር ትንንሽ መብራቶች፤ ለአምስት ድምፅ ቅኝት ሦስት እርከን) እና ደሴ ከማስታወቂያ ሠሪዎች የሚገኝ የ3 ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ አክሪሊክ (ፕላስቲክ) ቁራጭ፣ ለቁልፎቹ መሸፈኛ።

መጀመሪያ በኮድ ብርሃኑን ቀነስኩ፤ መሃል ላይ ያለው የብርሃን ነጥብ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ የአክሪሊኩን የላይኛውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ለጊዜው አማረ፣ ግን የጣት ቅባት ጭረቱን ሲሞላው ተመልሶ ጠራ። ነጭ ቀለም መርጨትም ብርሃኑን በላው።

የሠራው ይህ ነው። የታችኛውን ፊት ብቻ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራሱ ማሸት። ኤልኢዲው ከአክሪሊኩ ያለውን ርቀት ከ4 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ማሳደግ፤ ነጥቡን ያጠፋው በዋናነት ርቀቱ ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ከጥቁር ካርቶን ግድግዳ ሠርቶ ውስጡን ነጭ ወረቀት መለጠፍ። የአሉሚኒየም ፎይል አይሆንም፣ ቦርዱን ሾርት ያደርጋል። ግድግዳው ቦርዱን በሚነካበት ቦታ ፀጉር የምታህል ክፍተት ብትቀር ብርሃን ይሾልካል፤ በጥቁር ናስትሮ ይደፈን። የአክሪሊኩ ጠርዝም ብርሃን ወደ ጎን ስለሚያወጣ በጥቁር ማርከር ይቀባ።

ሁሉም ነጭ ሲበሩ 15 ጊዜ 60፣ ማለትም እስከ 900 ሚሊ አምፒር ሊስቡ ይችላሉ፤ የተለመደው ዩኤስቢ 2 ግን 500 ነው የሚሰጠው። በፋስትኤልኢዲ (ኤልኢዲዎቹን ለማዘዝ የሚያገለግል ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚስቡትን ጣሪያ 400 ሚሊ አምፒር ላይ አስሩት።