አንገት የሚገፋ መደገፊያ፣ የድሬ ፀሐይና ሌሎች የመኪና ጣጣዎች

ከድሬዳዋ ሐረር ሩቅ አይደለም፤ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ወንበሩ ካልተመቻችሁ ግን የደንገጎ ዳገት አያልቅም። የጭንቅላት መደገፊያው ከኋላ እየገፋ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ያስጠጋዋል። አወዳይ ሳትደርሱ ትከሻችሁ ደርቋል። እኔ የምነዳው ኮሮላ ነው። ፀጉሬን ደግሞ ከኋላ ጠቅልዬ ነው የማስረው። ሁለቱ አይስማሙም። ሻሽ የምታስሩና ሹሩባችሁ ወፍራም የሆነ እህቶቼ የምለው ይገባችኋል።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ እንወቅ። መደገፊያ ቢባልም ትራስ አይደለም። መኪና ከኋላ ሲገጫችሁ ወንበሩ ጀርባችሁን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጭንቅላት ግን ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። ያኔ አንገት ወደ ኋላ ይለጠጣል። መደገፊያው የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው፤ ለጭንቅላት ቅርብ የሆነውም ለዚህ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለፊት ወንበር አስገዳጅ አድርገውታል። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ሕጉን አጥብቀው፣ በጭንቅላትና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከ5.5 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ዘመን አመጣሽ መኪኖች መደገፊያቸው ወደ ፊት የሚያጎነብሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሐረር ውስጥ የተሳፈርኩባቸው አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ወንበራቸው ትከሻ ላይ ያበቃል። አንገት የሚገፋ የለ፣ አንገት የሚያድንም የለ።

ስለዚህ ነቅሎ ቤት ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መሰካትም ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ይመቻልም። ግን ቅርጹ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ክፍተቱ ከልክ በላይ ይሰፋል። አንዳንዱም በደንብ አይቆልፍም። ከሁሉ የከፋው ብረቶቹን በእሳት አሙቆ ወደ ኋላ ማጠፍ ነው። ብረቶቹ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ክፍት ነው፤ ሲሞቁና ሲታጠፉ ይደክማሉ። ለክፉ ቀን የተቀመጠን ነገር አድክሞ መንዳት ምን ይባላል?

ብር ሳታወጡ የምትሞክሩት ብዙ አለ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ዳሌያችሁን ከወንበሩ ጀርባ ጋር እስኪገናኝ ወደ ኋላ አስጠግታችሁ ተቀመጡ። ከዚያ የወንበሩን ጀርባ በትንሹ ወደ ኋላ ልቀቁት፤ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ይበቃል። የወንበሩ ጀርባ ትንሽ ሲያዘነብል ከሁሉ በላይ የሚርቀው ጫፉ፣ ማለትም መደገፊያው ነው። ብዙዎቻችን ቀጥ ብለን መቀመጥ እንወዳለን፤ መደገፊያው የሚገፋንም ለዚህ ነው።

ጀርባው ሲያዘነብል መሪው ይርቃል። ያኔ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡት። መሪያችሁ የሚሳብ ከሆነም ወደ ራሳችሁ አምጡት። መለኪያው ቀላል ነው፦ ትከሻችሁ ከወንበሩ ሳይለቅ የእጅ አንጓችሁ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ስትረግጡም ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይበል እንጂ ቀጥ ብሎ አይዘርጋ።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። በየሰዉ መኪና የማየው መደገፊያ እስከ ታች ወርዶ የተተወ ነው። እንደዚያ ሲሆን የሚያብጠው ክፍል ማጅራት ላይ ያርፋል፤ ይገፋልም፣ አያድንምም። የላይኛው ጫፍ ከአናታችሁ ጋር ይስተካከል። ቢያንስ ከጆሯችሁ ጫፍ በታች እንዳይሆን። ከብረቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከፍ አድርጉትና ቀጭ ሲል ተዉት።

አንዳንዱ መደገፊያ ደግሞ ወደ ፊት ይታጠፋል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉት ይከርምና ባለቤቱ ሳያውቅ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ወደ ኋላ ብትገፉት እሺ አይልም። ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ከሳባችኋቸው በኋላ ነው ለቀው ወደ ኋላ የሚመለሱት። ካልታጠፈ ግን አታስገድዱት፤ የእናንተ ዓይነቱ አይታጠፍም ማለት ነው።

ወገብም አለ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከቀበቶ መስመር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከወገባችሁ ኋላ አስገቡ። ደረት በጥቂቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ጭንቅላትም ከመደገፊያው ይላቀቃል። በፎጣው ከተመቻችሁ የወገብ ትራስ ግዙ። ካልተመቻችሁ ብራችሁ ተረፈ። ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ተደርድሮ የሚሸጠው የአንገት ትራስ ግን መደገፊያው ለሚገፋው ሰው አይሆንም። የሚገፋ ነገር ላይ ሌላ የሚገፋ መጨመር ነው።

ፀጉርን በተመለከተ፦ ስትነዱ ወይ ወደ አናት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ወይ ወደ ጎን አምጡት። የኋላ ጭንቅላታችሁ ባዶ ይሁን። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ብረት ያለው የፀጉር መያዣ ከጭንቅላትና ከመደገፊያ መካከል ባይኖር ይመረጣል። ከኋላ ብትገጩ መጀመሪያ የሚያገኛችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ወንበር ስናለብስ ለመደገፊያውም ስፖንጅ ያለው ወፍራም ሽፋን ይሰፉለታል። ያቺ ስፖንጅ ትንሽ ብትመስልም አንገት ላይ ትታወቃለች። ሽፋኑን ብቻ አውልቃችሁ አንድ ቀን ንዱና ልዩነቱን እዩት። ሽፋኑን ለማውለቅ መደገፊያውን መንቀል ካስፈለገ ሁለቱን ብረቶች አጢኑ። በአንደኛው ሥር ቁልፍ አለ። በሌላኛው ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ታገኛላችሁ። ቁልፉን ተጭናችሁ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ካቻቢቴ አስገቡና ወደ ላይ ሳቡ። ጣሪያው ካስቸገረ የወንበሩን ጀርባ ወደ ኋላ አስተኙት።

የእኔን አዲስ ሽፋን ያሰፋሁት ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከነሲንገራቸው በረንዳ ላይ የሚሰለፉበትን ጠባብ መንገድ የማያውቅ ካለ ይሂድና ይይ። ሰውየው መደገፊያውን አገላብጦ አየው።

«አቦ አንቺ፣ ስፖንጁን ከፊት በኩል ልቀንስልሽ?» አለኝ።

«ተው አቦ፣ ልብሱን ብቻ።»

ክፋት አስቦ አይደለም። ግን የብዙ መደገፊያዎች ስፖንጅ ልብሱ ውስጥ ፈስሶ የደረቀ ነው። ከተቀደደ በኋላ እንደ ነበረ አይመለስም፤ ውስጡ ያለው ብረትም ለጭንቅላት ይቀርባል። በስንዝሩ ዙሪያውን ለካ። አቡጀዲውን በድርብ አጥፎ ስፌቱን ሁሉ ወደ ጎን አመጣው፤ ከፊት አንድም ክር አይነካኝም። ከታች ላስቲክ አስገባ፣ ለብረቶቹም ሁለት ቀዳዳ ተወ። ሻይ ሳልጨርስ አለቀ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ሌዘር ለሐረር ይሆን ይሆናል። ድሬ ላይ በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሌዘር ላይ አንገት ማሳረፍ ቅጣት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልሆነላችሁ ያገለገለ መለዋወጫ ከሚሸጡት ጋር ሂዱ። የአንዱ ሞዴል የተለያየ ዓመት ምርት የተለያየ መደገፊያ ሊኖረው ይችላል። የራሳችሁን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የብረቶቹ ውፍረትና በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ መሆን አለበት። ገብቶ የሚወዛወዝ ወይም የማይቆልፍ ከሆነ ተዉት።

ሙሉ ወንበር የምታለብሱ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከወንበሩ ጀርባ በበር በኩል ባለው ጎን «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ጨርቅ የተሰፋበት ከሆነ እዚያ ውስጥ የጎን ኤርባግ፣ ማለትም ስትጋጩ በአየር የሚነፋ ከረጢት አለ። ያን ጎን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን ልብስ ኤርባጉን ሊያፍነው ይችላል። ለሰፊው አሳዩትና ክፍት ይተውት። ዳሽቦርድ ላይ ለሚነጠፈውም ሕጉ ያው ነው፤ ከተሳፋሪው ፊት ያለው የኤርባግ ክዳን አይሸፈንም፤ የስልክ መያዣም አይለጠፍበትም።

ዳሽቦርዱን ማልበስ ግን ድሬ ላይ ተገቢ ነው። ፀሐዩ ፕላስቲኩን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። የሚያብለጨልጭ ቅባት አትቀቡት። መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ ይሠራና የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣ መንገዱን ይጋርዳል። የመሪ ልብስም ካላችሁ ዙሪያውን በክር የሚሰፋውን አድርጉ። ዝም ብሎ የሚጠለቀው ሲለቅ መሪው ላይ ይሽከረከራል። ደንገጎ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ውጭውን ስናይ የሁሉም ነገር መነሻ ማጣበቂያው ነው። የበር ጌጥ፣ የመስኮት ቪዘር፣ የስፖኪዮ ሽፋን፣ ሁሉም በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ነው የሚለጠፉት። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ርካሹን ፕላስተር እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። ከጌጡ ጋር የመጣውን ነጭ ስፖንጅ መሰል ፕላስተር ልጣችሁ ጣሉና ለመኪና የተሠራውን ግራጫ አክሪሊክ ግዙ።

ጊዜው ጠዋት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳይነካው ይሁን። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ከፋርማሲ በምትገዙት አልኮል ጥረጉት። በናፍታ መጥረግ ቅባት ይተዋል፤ አይሆንም። የምትለጥፉበትን መስመር መጀመሪያ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ምክንያቱም አንዴ ከነካ በኋላ ማስተካከል የለም። በአውራ ጣት ከዳር እስከ ዳር አጥብቃችሁ ተጫኑት። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ እስከ 72 ሰዓት ስለሚፈጅ በመሃሉ አታሳጥቡት። የድሮውን ለማንሳት ካቻቢቴ ቀለሙን ይልጠዋል። የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጀርባው አሳልፋችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አድርጉት።

የነጣውን ጥቁር ፕላስቲክ በተቃጠለ ዘይት የሚያብሱ አሉ። ለአንድ ሳምንት ያምራል፣ ከዚያ የደቻቱ ወንዝን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ጎሚኒ፣ ማለትም የበርና የመስኮት ላስቲክ ሲነካ ደግሞ ያሳብጠዋል። ለጎሚኒ ሲሊኮን ነው የሚሆነው።

ቢጫ የሆነ የፊት መብራት በጥርስ ሳሙና ይጠራል የሚሉት ውሸት አይደለም፤ ግን አይቆይም። የሚቆየው በውሃ እየነከሩ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነው፦ መጀመሪያ 1000፣ ከዚያ 2000፣ በመጨረሻ 3000 ቁጥር። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ። ከተወለወለ በኋላ ከፀሐይ የሚከላከል ጥርት ያለ ቀለም ካልተቀባ ግን ድካማችሁ ከንቱ ነው። የመጀመሪያውን መከላከያ ፍቃችሁ አንስታችሁታልና ፀሐዩ ቶሎ ይመልሰዋል።

በመጨረሻ የሚንቋቋው ነገር። ጌጠኛ ድንጋይ ላይ ስትነዱ ከበር ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ በሙቀት ደርቃ የተሰበረች የፕላስቲክ ክሊፕ ናት። ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና እየነዳችሁ ፕላስቲኩን በመዳፉ ይጫን። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ነው ችግሩ። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ የሚፋተግ ከሆነ ቀጭን የጨርቅ ፕላስተር በመካከሉ ለጥፉ። ክሊፕ ከሆነ አሮጌዋን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ በዓይን የሚመሳሰሉት ቀዳዳ ላይ አይመሳሰሉም። ስትገዙም ሁለት ሦስት ጨምሩ። አንዷ ከተሰበረች ጎረቤቶቿም ደርቀዋል፤ የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ ስትነቅሉት ይሰበራሉ።